የኪራይ ብሩሽ

«ያለ ፎቶሾፕ ሥራ የለም» የሚለው አነጋገር በማስታወቂያ ቤቱ፣ በማተሚያ ቤቱ፣ በሥነ ጥበብ መማሪያ ክፍሉና በባህል መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲነገር ይሰማል። የቴአትር ፖስተር የሚሠራው ወጣት ይለዋል፤ የመጽሐፍ ሽፋን የሚያዘጋጀው ሠዓሊ ይለዋል፤ ይባስ ብሎ የሚያስተምረው መምህር ይለዋል። በተደጋገመ ቁጥር ግን ሁለት ጥያቄዎች እየተድበሰበሱ ይሄዳሉ። መሣሪያው የማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

የመሣሪያው ታሪክ አጭር ነው። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የጀመሩትን ፕሮግራም አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ለገበያ አቀረበው። ለብዙ ዓመታት ገዢው አንድ ጊዜ ከፍሎ ቅጂውን የራሱ ያደርግ ነበር። በግንቦት 2013 ግን ኩባንያው ከእንግዲህ ወዲያ አዲስ እትም የሚገኘው በኪራይ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ወርኃዊ ክፍያውን ያቋረጠ ሠዓሊ ብሩሹ ከእጁ ይነጠቃል። ኪራዩን ማቋረጥም ቢሆን በነጻ አይደለም፤ በሰኔ 2024 የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ኩባንያው ውል አቋራጩን የሚያስቀጣ ክፍያ ከደንበኞቹ ደብቋል ሲል ከስሶታል።

ኪራዩ በወር ከ20 ዶላር ይበልጣል። በኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ የዓመቱ ኪራይ በትንሹ ሲታሰብ ከ24 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ሥራ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዙን አንድ ሳንቲም ሳይነካ ቢያስቀምጥ እንኳ አይበቃውም። ገንዘቡ ቢገኝ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል?

ከዋጋው የከፋው ግን የኪራዩ ባሕርይ ነው። በጥቅምት 2019 አዶቢ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በቬኔዙዌላ ላይ ያወጡትን ትእዛዝ ጠቅሶ በዚያች አገር ያሉ ደንበኞቹን መዝገብ በሙሉ እንደሚዘጋ፣ የከፈሉትንም ገንዘብ እንደማይመልስ አስታወቀ። የካራካስ ፎቶግራፍ አንሺና የመጽሔት ዐቃቢ ምን አጠፉ? ምንም። ኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለኩባንያው ፈቃድ ስለ ሰጠ ነገሩ ቀረ፤ ሆኖም የአንድ አገር የኪነት ሰዎች ሥራ በሌላ አገር ርእሰ ከተማ በተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ሊቆም እንደሚችል ታየ። አጎዋ ከጥር 2022 ጀምሮ የተዘጋባት ኢትዮጵያ ይህን ዓይነቱን ወረቀት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

እዚህ ላይ ፈገግ የሚል አይጠፋም። «ማን ይከራያል? ክራክ አለ አይደለም እንዴ?» ይላል። እውነት ነው፤ ቁልፉ ተሰብሮ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዘዋወረው ቅጂ በየፎቶ ቤቱና በየቢሮው ሞልቷል። በደንቡ የሚከፍለው ጥቂት፣ የማይከፍለው ብዙ በመሆኑ ስለ አማራጭ ማሰብ ትርፍ ድካም መስሎ ይታያል። ትልቁ ስሕተትም ይኸው ነው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ የኢትዮጵያ ድምፃውያንና ደራስያን ለዓመታት ሲጮኹለት የኖሩትን መብት አገኙ። ካሴታቸው በየመንገዱ ሲባዛ፣ መጽሐፋቸው በፎቶ ኮፒ ሲቸበቸብ ዕንባቸው ፈስሶ ነበር። ይኸው አዋጅ ግን ከመጽሐፉና ከዜማው ጎን የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቆጥሯል። ታዲያ «ሥራዬ ተሰረቀ» የሚል የአልበም ባለቤት የአልበሙን ሽፋን በተሰረቀ መሣሪያ ሲያሠራ ምን ሊባል ነው? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለው ተረት ለእንዲህ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም። «ድሃ ከሀብታም ቢወስድ ምን አለበት?» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ከመጠጥ ቤት ጨዋታ አያልፍም፤ የአዲስ አበባው ካሴት አባዢም በጊዜው እንዲሁ ብሎ ነበርና።

ሕጉ ለጊዜው ይቅር ቢባል እንኳ ክራክ ከጥገኝነት አያወጣም። ጥገኝነትን በነጻ ያድላል። ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ በተሰበረው ቅጂ ሲለማመድ እጁ ሌላ መሣሪያ መያዝ ይረሳል፤ ተመርቆ መሥሪያ ቤት ሲገባ ሌላ አላውቅም ይላል፤ መሥሪያ ቤቱም የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጅ «ሥራው በፎቶሾፕ ፋይል ይቅረብ» ብሎ ይጽፋል። ኩባንያው አንድ ሳንቲም ለማስታወቂያ ሳያወጣ ገበያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የጸረ ቫይረስ ጥበቃን አጥፍቶ የሚጫን ቅጂ ይዞት የሚመጣውን ተባይማ የጽሕፈት ሥራውን በአንድ ሌሊት ያጣ ሁሉ ያውቀዋል።

አማራጩ ከተገኘ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌ ተማሪዎች የነበሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ በ1995 ጂምፕ የተባለውን የፎቶግራፍ ማረሚያ ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ፤ በዓመቱም ለሕዝብ ለቀቁት። ከዚያ በኋላ ሥራውን የቀጠሉት በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዱ የጎደለውን ይሞላል፣ ሌላው የተበላሸውን ያርማል። የገጠሩ ሰው ይህን ደቦ ይለዋል። የፈቃዱ ውል ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲጠቀምበት፣ እንዲያባዛው፣ ውስጡን ከፍቶ እንዲለውጠው ይፈቅዳል፤ የተሰጠውንም መልሶ መንጠቅ አይቻልም። አንድ ጊዜ በፍላሽ ከገባ በኋላ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት፣ ባረጀ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ፈቃድ ጠያቂ ይሠራል።

ጉድለት የለውም ማለት ውሸት ነው። ዋናውን ምስል ሳይነኩ ቃናውን የመለወጥ ዘዴ በፎቶሾፕ ከ1996 ጀምሮ ሲኖር፣ በጂምፕ በወጉ የገባው በመጋቢት 2025 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ይህ መዘግየት ባለሙያውን አስመርሯል፤ ቢያስመርርም አይፈረድበትም። በአራት ቀለም ለሚያትመው ማተሚያ ቤት ፋይል ማዘጋጀትም በጂምፕ ብቻ አይመችም። ይሁንና ክሪታ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በአራቱ የኅትመት ቀለማት ይሠራል፤ ስክራይበስ የመጽሔት ገጽ አቀናብሮ ለማተሚያ ቤት የሚሆን ፒዲኤፍ ያወጣል፤ ኢንክስኬፕ ዓርማና ፊደል ይቀርጻል፤ ዳርክቴብል ከካሜራ የወጣውን ጥሬ ፎቶግራፍ ያበስላል። ሁሉም በነጻ ናቸው። የአንድን ኩባንያ ሱቅ ለለመደ ሰው ከአራት ጉሊት መሸመት ያደክማል፤ ድካሙ ግን የአንድ ወር ድካም ነው።

አፊኒቲ የተባለውን የእንግሊዞች ፕሮግራም የሚያነሡም አሉ። በ2015 ሲወጣ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የገዢው የሚሆን ርካሽ ዕቃ ነበር፤ በ2024 ካንቫ የተባለ ኩባንያ ሠሪዎቹን ገዛ፤ በጥቅምት 2025 ፕሮግራሙ በነጻ ታደለ። መልካም ስጦታ ነው፤ የሚፈልግ ይጠቀምበት። ስጦታ ግን የሰጪውን ፈቃድ ተከትሎ ይኖራል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መልኩን የለወጠ ዕቃ የትምህርት ቤት መሠረት ሊሆን አይገባም።

«ነጻው መሣሪያ ለጀማሪ ነው፤ ታላቅ ሥራ አይወጣውም» የሚሉት ወገኖች ደግሞ በመጋቢት 2025 የሆነውን ይመልከቱ። የላትቪያው ዳይሬክተር ጊንትስ ዚልባሎዲስ «ፍሎው» የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም በብሌንደር ሠርቶ ኦስካር ተሸለመ። ብሌንደርም ነጻ ፕሮግራም ነው፤ በ2002 ተጠቃሚዎቹ 100 ሺህ ዩሮ በሳምንታት አዋጥተው ከባለ ገንዘቦች እጅ ያወጡት። ላትቪያ ሁለት ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ያላት አገር ናት።

ጉዳዩ ወደ መማሪያ ክፍል ሲመጣ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች በጥቁርና ነጭ ዘመን ኔጋቲቩን በሹል እርሳስ እያረሙ፣ የታተመውን ፎቶግራፍ በቀጭን ብሩሽ ቀለም እየቀቡ ይሠሩ ነበር። ያ ባለሙያ ጥላ የት እንደሚወድቅ፣ የፊት ቆዳ በብርሃን ሥር ምን እንደሚመስል ያውቃል። የዛሬው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የቁልፍ ትምህርት ነው፦ «እዚህ ተጫን፤ ከዚያ ይህን ምረጥ»። ቁልፉ ቦታውን በለወጠ ማግሥት ተማሪው ይደናገራል። ብርሃንን፣ ንጽጽርንና የቀለም ዝምድናን የተማረ ግን ፕሮግራሙ ምንም ይሁን ምን እጁ አይታሰርም። «ፎቶሾፕ የማያውቅ ሥራ አያገኝም» ለሚሉ መምህራን መልሱ በዚህ ውስጥ አለ፤ ጂምፕን በመርሕ የተማረ ሰው ቀጣሪው ከፍሎ ያስገባለትን ፎቶሾፕ በሳምንታት ይለምደዋል።

ባህል መሥሪያ ቤቶችም በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የኩባንያ ስም መጥራቱን ትተው የፋይሉን ጥራትና የኅትመቱን መጠን ቢጠይቁ ምንም አይጎድልባቸውም።

የፊደሉ ጉዳይማ አልቋል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ፤ ጂምፕም ኢንክስኬፕም አማርኛውን ያለ ችግር ይጽፋሉ። ለደራስያንና ለመምህራን የቀረው ሥራ የጂምፕ ትእዛዞች ናቸው። ቃላቱ ከፕሮግራሙ አካል ተለይተው በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚቀመጡ ማንንም ሳያስፈቅዱ በአማርኛ መተርጎም ይቻላል። «ሌየር» ንብርብር ይባል ወይስ ድርብ? «ማስክ» ጭንብል ነው ወይስ መከለያ? ለ«ባክግራውንድ» መደብ የሚለው ቃል ከጨርቁም ከሥዕሉም ጋር ስለሚሄድ ብዙ የሚያከራክር አይመስልም፤ «ከርቭስ» ግን ያከራክራል።