ሞተርም አማና ነው

በዚህ ዓምዳችን ስለ ሐላል ሪዝቅ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ነጋዴንና ሚዛኑን ነው። ሚዛን ግን በመደብር ብቻ አይገኝም። መካኒኩም፣ አናጢውም፣ ልብስ ሰፊውም በየእጃቸው ሚዛን ይዘዋል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መካኒኩ ሚዛን ሲሆን ለምሳሌነት የመረጥነው ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን የቮልስ ሞተር ነው። ወጣቶች እንደምትወዱት እናምናለን። እናቶችም ብሎንና ዳዶ በዛበት ብላችሁ ገጹን አትለፉት፤ መኪና የሚገዛውም የሚሸጠውም በቤተሰብ ገንዘብ ነውና።

ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በፑዌብላ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2003) ሲሆን፣ እስከዚያ ዕለት 21,529,464 መኪኖች ተሠርተው ነበር። ስለዚህ ዛሬ በየግቢው የቆሙት ሁሉ አሮጌ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ያለውን ሞተር ማደስ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። «የታደሰ ሞተር» የሚለው ቃል በገበያ ላይ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዚህ ሞተር ልዩነቱ ውኃ አለመጠጣቱ ነው። ራዲያተር የለውም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተሠራ፣ ዙሪያውን በሳሱ ክንፎች የተከበበ ብረት ነው። ማራገቢያው ነፋሱን በቆርቆሮ ሽፋኖች ውስጥ እየነዳ በክንፎቹ መካከል ያሳልፈዋል። ማራገቢያውና ዲናሞው በአንድ ዘንግ ላይ ያሉ ሲሆን ሁለቱንም የምታዞረው አንዲት ቺንጋ ናት። በመሆኑም በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት በድንገት ቢበራ ባትሪው አይሞላም ማለት ብቻ አይደለም፤ ቺንጋዋ ተበጥሳ ነፋሱም ቆሞ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አቁሞ ማየት ይገባል። «ቤት ልድረስ» ያለ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ይደርሳል። አንዳንድ መካኒኮች ሞተር አውርደው ሲመልሱ ከቆርቆሮዎቹ ጥቂቱን «ትርፍ ናቸው» ብለው ይጥሏቸዋል። ትርፍ አይደሉም። ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በማራገቢያው እንዳይሳብ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። በተለይ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ከነፋሱ ጥቂቷንም ማባከን አይችልም።

አላህ (ሱ.ወ.) ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳገራላቸው፣ ጥሩር እንዲሠሩና የቀለበቶቹን መያያዣም እንዲመጥኑ እንዳዘዛቸው በሱረቱ ሰበእ ተነግሮናል። ነቢይ ናቸው፤ ብረቱም በተአምር ለስልሶላቸዋል። ያም ሆኖ መመጠኑ አልቀረላቸውም። ከሙስሊም ሊቃውንትም ኢስማዒል አል-ጀዘሪ በ602 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. በ1206) በፈጸሙት የማሽኖች መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ተጋድመው የሚተያዩ ሲሊንደሮች ያሉትን፣ ፒስተኖቹ እየተፈራረቁ ውኃ የሚስቡበትን ፓምፕ ከነሥዕሉ አስፍረዋል። ይህን የጠቀስነው «ሞተርን የፈጠርነው እኛ ነን» ብለን ለመኩራራት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ንግግር እኛንም ሰልችቶናል። የአል-ጀዘሪ ነገር የሚያስደንቀን ሌላ ባለሙያ አንብቦ መልሶ መሥራት እንዲችል የየክፍሉን ልክ ጽፈው መተዋቸው ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። ይህን ሞተር ለማደስ ትልቅ ጋራዥ አያስፈልግም። ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ነው፤ ክብደቱም ከመቶ ኪሎ ብዙ ስለማያልፍ ሁለት ሰዎች በአንድ ክሪክ ያወርዱታል። በግቢ ጥግ ቆርቆሮ የተከደነ ቦታ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ሞርሳ፣ ማይክሮሜትርና ባለ ሰዓት መለኪያ ካለ ብዙው ሥራ እዚያው ያልቃል። ትንሽ ቶርኖ ያለው ሰውማ ታድሏል።

ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ቅዳሜና እሑድ ዐስርን እየሰገድን ያደስነው ሞተር የአንድ ሐጂ ነበር። ባለ 1600 ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 85.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 69 ሚሊ ሜትር። ሐጂ መኪናዋን ሊሸጧት አስበው «ሞተሯ ይታይና ጥሩ ዋጋ ታውጣ» ብለው ነበር የሰጡን። ሞተሩ ሳይፈታ መጀመሪያ የሚለካ ነገር አለ። ክራንክሻፍቱን ከኋላ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመግፋት ምን ያህል እንደሚላወስ ይታያል። ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 ካለፈ ችግር አለ ማለት ነው። ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም የማይርቅ ነገር ነው የምናወራው። የሐጂ ሞተር 0.30 አለን።

ከፈታነው በኋላ ምክንያቱን አገኘን። የሞተሩ ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራና ለሁለት የሚከፈል ነው። ቀላል ነው፤ ግን ሲግል ይለሰልሳል፤ ክራንክሻፍቱ የሚቀመጥባቸው ማረፊያዎች ከዓመታት በኋላ እየተቀጠቀጡ ይሰፋሉ። ከዚህ ቀደም «አድሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ቤቱን በማሽን ማስተካከል ሲገባው ከብሮንዚኑ ጀርባ ከጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ጎስጉሶበት ተገኘ። ከውጭ ግን ሞተሩ ብርማ ቀለም ተቀብቶ ያበራ ነበር።

ከወጣቶቹ አንዱ፣ እጁ ከሁሉም የሚሻለው፣ ጥቂት አሰበና «ኡስታዝ፣ አዲስ ብሮንዚን ብቻ ብንከትበት ዓመት ይሄዳል እኮ። ሐጂ እንደሆኑ ይሸጧታል። ማን ያውቃል?» አለን። ልጁን ለማሳፈር አይደለም የምንጽፈው፤ የተናገረው የገበያውን ቋንቋ ነው። ስሌቱም ስሕተት አልነበረውም፤ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ በርግጥ ይሄድ ነበር። እኛም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥሩ እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ አስታወስነው። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ቢናገርም፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ተብሎ ተወቀሰ። ብርማው ቀለም ከላይ ያለው ደረቅ እህል ነው። ዑለማኦችም ጉድለቱ ተደብቆ ዕቃ የተሸጠለት ሰው ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው በፊቅህ መጻሕፍት አስፍረዋል። ነገር ግን በእኛ ገበያ ሞተሩ ከዓመት በኋላ ሲነክስ ሻጩን ማን ያገኘዋል?

ቆርቆሮውን በወረቀት ጠቅልለን ለሐጂ አሳየናቸው። የማሽን ቤቱን ወጪ ጨምሮ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ስንነግራቸው ዝም አሉ። ለመኪናዋ ከሚጠብቁት ዋጋ ላይ የሚነሣው ቀላል አልነበረም። በኋላ «ልጆቼ፣ የሚገዛኝም ሰው ልጆች አሉት። አውጡት» አሉ። ገንዘቡ እስኪሟላ ሞተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ሦስት ወር ቆየ። ያን የተናገረው ወጣት በየሳምንቱ እየመጣ አቧራውን ያራግፍ ነበር።

በቤት የሚሠራ ሰው ወሰኑን ማወቅ አለበት። የሞተሩን ቤት ማረፊያዎች በአንድ መሥመር ማስፋትና ክራንክሻፍቱን መሞረድ በእጅ የሚሞከር ሥራ አይደለም፤ ለዚሁ የተሠራ ማሽን ይጠይቃል። ቤቱ በ0.50 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ፣ ክራንክሻፍቱ በ0.25 ሚሊ ሜትር ቀጥኖ መጣ፤ ለዚያ ልክ የተሠራ ብሮንዚን ተገዛለት። የተረተረ ቆርቆሮ ቦታ አልነበረውም።

የቀረው የትዕግሥት ሥራ ነው። የዘይት መሄጃ ቀዳዳዎች ሁሉ ይታጠባሉ፤ ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን ከወንፊት በቀር ማጣሪያ የለውምና አንዲት የብረት ብናኝ እንኳ ብዙ ታበላሻለች። ፒስተኖቹ ይመዘናሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 ግራም እንዳይበልጥ። ሚዛኑን የተዋስነው ከአንድ ቅመም ነጋዴ ነው። የፒስተኑ ፋሻ ጫፎች በሲሊንደሩ ውስጥ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖራቸው ይገባል። ከቮላኖው ጀርባ የሚገቡት ስስ ቀለበቶች ምንጊዜም ሦስት ናቸው፤ የክራንክሻፍቱ መላወስ ልኩን የሚያገኘው ውፍረታቸውን በመምረጥ ነው። የሐጂ ሞተር በ0.10 ቆመ።

ቮላኖውን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ የሚጠብቀው በ35 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ ያለው ቁልፍ በቤት አይገኝም። ወጣቶች፣ በፊዚክስ ክፍል የተማራችሁት የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ይሰካና ተጋድሞ ሳለ ከዳዶው መሐል አንድ ሜትር ርቆ 35 ኪሎ ይንጠለጠልበታል። የቧንቧው ክብደት እንደሚጨመርበት አትርሱ። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። «ድምፅ እንዳይኖረው አጥብቀው» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። የላላ ቫልቭ ይጮኻል፤ የጠበቀ ግን ዝም ብሎ ይቃጠላል፤ ከሁለቱ የሚጮኸው ይሻላል።

ልኩን ሁሉ በደብተር የመዘገበችልን የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። በአንድ ዓምድ ፋብሪካው ያዘዘውን፣ በሌላው እኛ ያገኘነውን ጻፈች፤ ማሽን ቤቱ የሠራውን፣ ያልተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ሳትቀር አስፍራለች። በመጨረሻው ገጽ ላይ የተጣሳው ቆርቆሮ በፕላስተር ተለጥፏል። ደብተሩ ከመኪናዋ ጋር ለገዢው ይሰጣል ብለው ሐጂ ወስነዋል። እስካሁን ሁለት ሰዎች መጥተው አይተዋል፤ አንዱ ቆርቆሮውን ሲያይ ፈርቶ ሄደ፤ ሌላው ደብተሩን ለመካኒኩ ሊያሳይ ተውሶ ወስዶታል። ሞተሩ 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱ ተቀይሮ ቫልቮቹ እንደገና ይለካሉ፤ ለዚያም የሚሆን ባዶ መሥመር ትታለታለች።