«መብራት ነው ያቃጠለው» ለምትሉን

ድሬዳዋ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲቃጠል ወንጀለኛው ሁሌም አንድ ነው፤ መብራት። «ጠፍቶ ሲመጣ አቃጠለው» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። መብራት ንጹሕ ነው አልልም፤ ስንት ፍሪጅ ይመሰክርበታል። ግን አቦ፣ ሁሉን ነገር በሱ ማላከክ ለሻጭ የተመቸ ሰበብ ሆኗል።

ለጀማሪ ልጆች የሚሸጠውን የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ ውሰዱ። ሥራው የግድግዳውን 220 ቮልት ዝቅ አድርጎ የታዘዘውን ያህል ብቻ መስጠት ነው። ፊቱ ላይ «30 ቮልት፣ 5 አምፒር» ተጽፎበታል። ሒሳቡን እንሥራዋ! ባለ ትራንስፎርመር ከሆነ ውስጡ 35 ቮልት ያህል አለ እንበል። ልጁ 5 ቮልት በ2 አምፒር ቢፈልግ፣ ትርፉ 30 ቮልት ትራንዚስተሩ ላይ ይወድቃል፤ ይህ 60 ዋት ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣው ደግሞ መዳፍ አይሞላም። በዚያ ላይ የግንቦት የድሬ ሙቀት አለ።

ትራንዚስተር ሲሞት ብዙውን ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው። ያኔ 35ቱ ቮልት እንዳለ 5 ቮልት ወደሚጠብቀው ቦርድ ይገባል። መብራት አልጠፋም፣ አልመጣም። ልጁ ግን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይባላል። ካፓሲተሩም ያው ነው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ስታቢላይዘር ግዛ ማለት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ በሽታው ሳጥኑ ውስጥ ነዋ!

«በዚህ ዋጋ ምን ትጠብቃለህ?» የሚል አይጠፋም። እኔ የምጠብቀው እውነት ነው። 2 አምፒር የሚችል ዕቃ «2 አምፒር» ተብሎ ይሸጥ፤ ርካሽ መሆን ነውር የለውም። ነውሩ 5 ብሎ መጻፍ ነው። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ፊውዙን በጥሶ ቦርዱን የሚያድን መከላከያም አንድ ታይሪስተርና ጥቂት ጥቃቅን ዕቃ እንጂ ሌላ አይፈልግም። እሱን ቀንሶ መብራትን መክሰስ ግን ያስተዛዝባል።

ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። በምድር ባቡር ወርክሾፗ የሎኮሞቲቭ ሆድ ተከፍቶ ሲጠገን ኖሯል። የዚህች ከተማ ልጅ የአንዲት ሳጥን ውሸት ሊያሸንፈው አይገባም።

ስለዚህ ታይዋን ገበያ ስትገቡ ቴስተርና የመኪና የፊት አምፖል ያዙ። 12 ቮልት፣ 55 ዋቱ አምፖል 4.5 አምፒር ያህል ይስባል። 12 ላይ አስተካክላችሁ ለኩሱት፤ ሩብ ሰዓት አቆዩት። ቮልቴጁ ከወረደ ወይም ሽታ ከመጣ፣ አመስግናችሁ መልሱ። ሻጩ «አይለኮስም» ካለ ደግሞ መልሱን ሰጥቷችኋል። በልጅ ቦርድ ከሚፈተን በአምፖል ይፈተን።