ጉልበት የማይታጠፍ ከሆነ ለምን ተፈጠረ?

«ብረት ተሸክሞ እስከ ታች ቁጢጥ ማለት ጉልበት ይጨርሳል» የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ በዚህ ግቢ ካለ እጁን ያውጣ። ሁላችንም ሰምተናል። ከአሠልጣኝ ሰምተናል፣ ከዶርም ጓደኛ ሰምተናል፣ በዕድሜው ስኳት ሠርቶ ከማያውቅ ሰው ደግሞ አብዝተን ሰምተናል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለመሆኑ ይህ ቃል የማን ቃል ነው? መጀመሪያ ማን ተናገረው? ምን አይቶ?

የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ጉልበት ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም። እንዴት አያገባን! የኛ ሙያ ጽሑፍ ነው። አንድ ንባብ ከብራና ወደ ብራና ሲገለበጥ፣ አንዱ ጸሐፊ አንዲት ፊደል ሲስት፣ ቀጣዩ ስሕተቱን እንደ እውነት ወስዶ ሲገለብጥ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ሰው ሁሉ በስሕተቱ ሲምል የሚሆነውን ክፍል ውስጥ እንማራለን። የስኳትም ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ ሆኖ አላገኘነውም።

ነገሩን የቆሰቆሰችው በጂማችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ናት። ባርቤል ጭኖ ጉልበትን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ ማለትም ጭን ከወለሉ ትይዩ አልፎ እንዲወርድ ማድረግ፣ ክልክል ነው ትላለች። ምክንያት የላትም፤ ማኅተም ግን አላት። ለምን ብለን ብንጠይቅ «ሳይንስ ነው» ተባልን። ጥሩ፤ ሳይንስ ከሆነ ምንጭ አለው ብለን ፍለጋ ገባን። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምንጩ ቴክሳስ ሆኖ ተገኘ። በ1961 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ካርል ክላይን የሚባሉ ሰው ራሳቸው በሠሩት መሣሪያ የክብደት አንሺዎችን ጉልበት መረመሩ። መሣሪያው ጉልበት ወደ ጎን ሲገፋ ምን ያህል እንደሚላላ የሚለካ ነው። ከማያነሡ ሰዎች ጋር አስተያዩና የአንሺዎቹ ጅማት ላልቷል፣ ጥፋቱም የጥልቅ ስኳት ነው፣ ስለዚህ ጭን ከወለሉ ጋር ትይዩ ሲሆን ቁሙ አሉ። በዓመቱ፣ በ1962፣ ስፖርትስ ኢላስትሬትድ የተባለው ትልቅ መጽሔት ነገሩን አነሣው፤ የጽሑፉም ርእስ «ጉልበት ለመታጠፍ አይደለም» የሚል ነበር። ልብ በሉ! ክላይን ከዚህ በታች አትውረዱ አሉ እንጂ ጉልበት አይታጠፍ አላሉም። የመጀመሪያው የግልበጣ ስሕተት እዚህ ላይ ገባ። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰው? ከአሠልጣኝ ወደ አሠልጣኝ፣ ከባሕር ማዶ ወደ ባሕር ማዶ እየተገለበጠ እኛ ግድግዳ ላይ ደረሰ።

የክላይን ምርመራ ራሱስ? ሁለት ቀዳዳ አለበት። አንደኛ፣ መሣሪያውን ወደ ጎን የሚገፋው የመርማሪው እጅ ነው፤ እጁ ጠንከር ካለ ጉልበቱ የላላ ይመስላል፣ ሳሳ ካለ የጠና። ሁለተኛ፣ አንሺዎቹ ስኳት ከመጀመራቸው በፊት ጉልበታቸው እንዴት እንደነበር የለካ የለም። ዛሬ የላላ ጅማት አይቶ «ስኳት አላላው» ማለት፣ መነጽር ያደረገ ተማሪ አይቶ «ላይብረሪ ዓይኑን አጠፋው» እንደማለት ነው። ሊሆንም ይችላል፤ ግን አልተረጋገጠም።

ሊያረጋግጡ የሞከሩ ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ። በ1971 ማየርስ የተባለ ተመራማሪ ሰዎችን ለ8 ሳምንት ጥልቅና ግማሽ ስኳት አሠርቶ የጅማታቸውን ጥናት ቢለካ ጥልቁ ከግማሹ የባሰ ጉዳት አላመጣም። በ1989 ቻንድለር፣ ዊልሰንና ስቶን እንዲሁ ለ8 ሳምንት አሠርተው ለኩ፤ ጉልበት አልላላም። ይባስ ብሎ በዚያው ጥናት ከዓመታት ጀምረው ከባድ ስኳት የሚሠሩ አንሺዎች ጉልበት በአንዳንዱ መለኪያ ከማይሠሩት ይልቅ የጠበቀ ሆኖ ተገኘ። ከ1961 እስከ 1989 ስንት ዓመት ነው? ከ1989 እስከ ዛሬስ? ግድግዳችን ግን አሁንም 1961 ላይ ቆሟል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ምክንያቱም ወረቀቷ የድሮ ብቻ ሳትሆን የተገለበጠች ናት። ሰው ቁጢጥ ሲል የጉልበቱ ሎሚ በጭን አጥንቱ ላይ ይጫናል። ይህ ጫና ዝቅ ባሉ ቁጥር ያለ ማቋረጥ የሚጨምር ይመስላል፤ የሁሉም ፍርሃት እዚህ ላይ ነው። ግን እንደዚያ አይደለም። ሐርትማን፣ ቪርትና ክሉዘማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው እንዳሳዩት፣ ጫናው ጫፍ የሚደርሰው ጉልበት 90 ዲግሪ ግድም ሲታጠፍ ነው። ከዚያ ሲወረድ የፊት ጭን ጅማት ራሱ የጭን አጥንቱን ተደግፎ ሸክሙን ይካፈላል፤ ባትና የኋላ ጭንም ይገናኙና እንደ ትራስ ይደግፋሉ። ጉልበቱን ከመሐል የሚይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማትም ቢሆን የሚወጠረው ጉልበት ጥቂት ሲታጠፍ እንጂ ታች ሲደረስ አይደለም። እንግዲህ ወረቀቷ «ለደኅንነታችሁ» ብላ ቁሙና ተመለሱ የምትለን የት ነው? ጫናው ከሁሉ የሚበረታበት ቦታ ላይ!

ሌላም አለ። ግማሽ ድረስ የሚወርድ ሰው ብዙ ብረት ይጭናል። ይህን ጂም የገባ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል፤ እስከ ታች 60 ኪሎ ይዞ መነሣት የሚያቅተው ወንድማችን 120 ጭኖ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመለስና ደረቱን ይነፋል። ጥልቀት ሰውን ትሑት ያደርገዋል፤ ብረቱ ይቀንሳል፤ የወገቡም ሸክም አብሮ ይቀንሳል። ወረቀቷ ግን ስለ ክብደት አንዲት ቃል አትናገርም።

«ጉልበት ከእግር ጣት አይለፍ» የምትለውም ታናሽ እኅቷ አለች። ፍራይና ባልደረቦቹ በ2003 7 ወንዶችን ከጉልበታቸው ፊት ሳንቃ አቁመው ስኳት አሠሯቸው። በጉልበት ላይ የሚያርፈው የማጠፍ ኃይል ከ150 ወደ 117 ኒውተን ሜትር ወረደ፤ ዳሌ ላይ ግን ከ28 ወደ 302 ተተኮሰ! ሸክሙ አልጠፋም፤ ቤት ቀየረ። ጉልበትን አድናለሁ ብሎ ዳሌና ወገብን ማስያዝ ምን ዓይነት ዋስትና ነው?

ተቃራኒውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ከወረቀቷ በምን እንሻላለን? በ2004 የወጣ አንድ የቤጂንግ ጥናት፣ በወጣትነታቸው በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቁጢጥ ብለው ያሳለፉ ሰዎች በሽምግልናቸው የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ይህን አንክድም። ግን ሦስት ሰዓት ታች መቀመጥና አምስት ጊዜ ወርዶ መነሣት አንድ ነገር ነው? ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ሲጫኑትና ሲለቁት ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ተጭኖ የሚቀርና ተጭኖ የሚለቀቅ ይለያያሉ።

የናይም ሱለይማኖግሉም ስም ይነሣ። በ1988 ሴኡል ላይ፣ በ60 ኪሎ ምድብ፣ 190 ኪሎ ከመሬት ነቅሎ ትከሻው ላይ የተቀበለው እስከ ታች ቁጢጥ ብሎ ነው፤ በ1992ና በ1996ም ወርቅ ወሰደ። እርግጥ የእርሱ ጉልበት የኛን ጉልበት አያስረዳም፤ ጉልበቱ የተበላሸበት አንሺ ኦሎምፒክ አይደርስምና አናየውም። ቢሆንም ጥልቀት ብቻውን ጉልበት የሚሰብር ቢሆን ኖሮ ይህ ስፖርት ሰው አይተርፈውም ነበር።

በነገራችን ላይ፣ አንደኛ ደረጃ ሳለን ላረፈድንበት ጠጠር ላይ «ተንበርከክ» ሲባል ስለ ጉልበታችን ያሰበ አልነበረም። ሴት እኅቶቻችን የስኳት ማቆሚያው አጠገብ ሲደርሱም «ለሴት ጉልበት አይሆንም» ተብለው ወደ ገመድ ዝላይ ይሸኛሉ፤ ዝላይ ሲያርፍ ጉልበት ምን እንደሚሸከም የጠየቀ የለም። ቋንቋችን መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም በአንድ ስም ጉልበት ብሎ መጥራቱ እንዲያው አይመስለንም።

ሁሉም ሰው እስከ ታች ይውረድ ግን አላልንም። ጉልበቱ ያበጠ፣ የሚቆለፍበት፣ ቀድሞ ጅማቱ የተበጠሰ ሰው ሐኪም ሳያየው ብረት ሥር አይግባ። ታች ሲደርስ ተረከዙ የሚነሣበት ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ ነውና ስስ ጣውላ ከተረከዙ ሥር ያድርግ፣ ወይም ወገቡ ሳይጎብጥ የሚደርስበት ላይ ይቁም። ከላይ ተለቆ ወርዶ እንደ ኳስ ነጥሮ መነሣት አደገኛ ነው፤ ይህን የምትከለክል ወረቀት ብትለጠፍ እኛው ራሳችን ሙጫ እናመጣለን። ጀማሪ ባዶውን 20 ኪሎ ባር ይዞ ወርዶ መነሣት ይልመድ፣ ከዚያ በሳምንት 2.5 ኪሎ ቢጨምር ማን ይቸኩለዋል?

ጂማችን ውስጥ ጉልበት ብቻ ሳይሆን አንገት የሚሰብር ነገር ደግሞ አለ። ሰው መነሣት ሲያቅተው ባሩን የሚቀበሉት ሁለቱ የጎን ብረቶች ከጠፉ ሴሚስተር አልፏል። የሳህኖቹ መቆለፊያም አንድ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ የተለጠፈ ወረቀት አላየንም። ብረቶቹ እስኪመለሱ ድረስ ግራና ቀኝ ሰው ሳይቆምለት ከባድ ስኳት የሚሠራ አይኑር፤ ሰው ያጣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ይምጣ፣ እኛ እዚያ ነን።