ለደብዳቤ ቁጥር፣ ለካርታ ዝምታ

መሥሪያ ቤቶቻችን ለአንድ ገጽ ደብዳቤ የሚሰጡትን ክብር ታውቃላችሁ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፈራሚ አለው፤ ግልባጭ የተደረገለት ሁሉ ከግርጌ ይዘረዘራል። በስንት ገንዘብና ልፋት የተሠራ የከርሰ ምድር ውኃ ካርታ ግን «ፋይናል 2» ተብሎ አንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ካርታውም አብሮት ይለቃል።

እኛ የምንለው ቀላል ነው። ፌዴራሉም ክልሉም በእጃቸው ያለውን የጂኦግራፊ ዳታ ዝርዝር በአንድ የጋራ የኢንተርኔት ካታሎግ ላይ ያውጡ። ዳታውን አላልንም፤ ዝርዝሩን ነው ያልነው። ምን አለ? የየትኛው አካባቢ ነው? መቼ ተሰበሰበ? በየትኛው ዳተም ተሠራ? ማን ዘንድ ይገኛል? ሜታዳታ የሚባለው ይኸው ነው።

«ይህቺ ምን ታህል ጉዳይ ናት?» የሚል ካለ፣ የዳተሟን ነገር ብቻ እንንገረው። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። አዲስ አበባ አካባቢ የአንዲት ነጥብ የዩቲኤም ቁጥር በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። ፋይሉ በየትኛው እንደተሠራ የምትናገረዋ አንዲት መስመር ከጠፋች፣ የአንዱ ማሳ በሌላው ላይ ያርፋል።

ነገሩ ክልል ሲሻገር ደግሞ ይብሳል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ የአዲስ አበባን የአቃቂ ውኃ ጨምሮ፣ ኦሮሚያን አልፎ አፋር ይገባል። ወንዙ የክልል ወሰን አይጠይቅም። ዳታው ግን በየቢሮው በር ላይ ይቆማል፤ ከታች ያለው ባለሙያ ከላይ ምን እንደተለካ ለማወቅ የሚያውቀው ሰው ስልክ ያስፈልገዋል።

ሰበቡን ደግሞ እናውቀዋለን። «የአገር ደኅንነትስ?» ይባላል። የቤተ መጻሕፍት ካርድ መጽሐፉ አይደለም፤ ምስጢር የሆነው «በፈቃድ ብቻ» ተብሎ ይመዝገብ። «ገንዘብ የለም» ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያስጀመረው ጂኦኔትወርክ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ የሜታዳታው መስፈርት አይኤስኦ 19115ም ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ አለ። «ክልሎች ሥልጣናቸውን አይሰጡም» ይባላል። ማንም አይስጥ! እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ካታሎግ ይያዝ፤ የጋራው ካታሎግ በየጊዜው መዝገቦቹን ብቻ ይሰበስባል።

ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ የሚዘጋ ድረ ገጽ አይበቃንም። ካታሎጉ ቋሚ ባለሙያና በጀት ይመደብለት። ሜታዳታው ያልተሞላ ሥራ ደግሞ እንዳለቀ አይቆጠር፤ የመጨረሻው ክፍያም አይፈጸምበት። ያኔ ማን እንደሚሞላው እናያለን።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለዜጋው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መኖሩን የማያውቀውን ነገር ግን ምን ብሎ ይጠይቅ? መጀመሪያ ዝርዝሩን አሳዩን፤ ማመልከቻውን እኛ እንጽፋለን።