ፌስታልን ከመልቀም ወደ ማስቀረት

ከእንጦጦ ተዳፋት ተነሥቶ በቀጨኔ በኩል የሚወርደው ወንዝ በክረምት ሞልቶ በጎደለ ቁጥር በዳርና ዳሩ ባለው ቁጥቋጦ ላይ ጥቁርና ነጭ ፌስታል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ውኃው ያልወሰደው በየቱቦው አፍ ተወትፎ ጎርፉን ወደ ሰው ቤት ይመልሰዋል። የወሰደው ደግሞ ከሌሎቹ የከተማዋ ጅረቶች ጋር ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብና ወደ አዋሽ ይጓዛል። በላይኛው ሠፈር የተጣለው በታችኛው ተፋሰስ የሚኖረውን ገበሬና ከብቱን ያገኛል። ስለሆነም የፌስታል ጉዳይ የአንድ ግቢ የጽዳት ጉዳይ ሳይሆን የኅብረተሰብ ጉዳይ ነው።

ይህን የተገነዘቡ ነዋሪዎች በየሠፈሩ በበጎ ፈቃድ እየወጡ ቱቦ ይጠርጋሉ፤ የወንዝ ዳር ያጸዳሉ። ይህ ተግባር ሊመሰገንና ሊስፋፋ የሚገባው ነው። ነገር ግን ማንኛውም ዘመቻ ራሱን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ቅዳሜ የለቀምነው ፌስታል ሰኞ ተመልሶ የሚመጣው ለምንድን ነው?

አንዳንዶች «ሕዝቡ ስላልነቃ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ከፊል እውነት ቢኖረውም የነገሩን ሥር አይነካም። ፌስታል ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ምርት ነው። አንዱን ለማምረት የሚወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነጋዴው ለገዢ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ያለ ዋጋ የተሰጠ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የተዘጋውን ቱቦ ለመክፈት የሚወጣውን ወጪ፣ ፌስታል በልታ የሞተችውን ላም፣ ጎርፍ የገባበትን ቤት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ትርፉ ለጥቂቶች፣ ጉዳቱ ለሁሉም ሆኖ ተከፋፍሏል። የችግሩ መሠረታዊ ተቃርኖ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የቀጨኔ ሰው ይህን ተቃርኖ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ሠፈሩ የሸክላ ሠሪዎች፣ የሸማኔዎችና የቀጥቃጮች ሠፈር ነው። የቀድሞው ሥርዓት በእጃቸው ሠርተው የሚኖሩትን እነዚህን ሰዎች «ቡዳ» እያለ ሲያንቋሽሽ፣ እነርሱ በሠሩት ምጣድ ጋግሮ፣ በሠሩት ጀበና ቡና አፍልቶ፣ በሸመኑት ሸማ ይለብስ ነበር። በኋላ ደግሞ እንስራውን የፕላስቲክ ጀሪካን ተካው። የሸክላ ሠሪዋን ገበያ ያጠበበው ፕላስቲክ ዛሬ ዘመዱ በሆነው ፌስታል በኩል መጥቶ የደጇን ቱቦ ዘግቷል። ስለዚህ ለቀጨኔ ነዋሪ ይህ ዘመቻ የጽዳት ብቻ ሳይሆን የእጅ ሙያ ክብርም ዘመቻ ነው።

የነገሩን ሥር ለመረዳት ቁራሌውን መመልከት ይበቃል። ቁራሌው ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የውኃ ሃይላንድና የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ይገዛል። ፌስታል ግን አይገዛም። ቀላልና ቆሻሻ የያዘ በመሆኑ ለመሰብሰብና ለማጠብ የሚፈጀው ጉልበት ከሚያስገኘው ገንዘብ ይበልጣል። ሌላው ፕላስቲክ በገበያው በኩል ቢያንስ በከፊል ከመንገድ ሲነሣ ፌስታል ብቻውን የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ዳግም ጥቅም ላይ ይውላል እየተባለ ምርቱ እንዲቀጥል መከራከር ራስን ማታለል ነው።

ሕጉስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታሎችን ለማገድ ደንግጎ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስስ ፌስታል ከጉሊት አልጠፋም። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ውፍረት በዓይን አለመለየቱ ነው፤ የሚሊ ሜትርን ሦስት መቶኛ በጉሊት ቆሞ የሚለካ የለም። ሊለካ የሚችለው በፋብሪካ በርና በጉምሩክ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ውፍረትን ሳይጠቅስ ፌስታልን በጠቅላላው በመከልከሉ ይህን ክፍተት ደፍኗል። ፌስታል ይዞ በሚገኝ ግለሰብ ላይም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ቅጣት ደንግጓል።

አደጋውም ከዚሁ ላይ ይጀምራል። ቅጣቱ ወደ ታች ብቻ ከወረደ የሚያገኘው ቲማቲም በመደብ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገውን የጉሊት ሴት ነው። ከእርሷ በላይ አከፋፋዩ፣ ከአከፋፋዩም በላይ አምራቹና አስመጪው አሉ። ምንጩ ሳይዘጋ ከጅረቱ የሚጠጣውን መቅጣት ፍትሕ አይሆንም፤ ውጤትም አያመጣ። ርዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ፌስታልን ስታግድ ማምረቱንም፣ ማስገባቱንም፣ መሸጡንም በአንድነት ከልክላለች፤ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ የሚደረገው «ኡሙጋንዳ» የተሰኘው የኅብረት ሥራም ጽዳቱን የሁሉም ዜጋ ግዴታ አድርጎታል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 እስከ አራት ዓመት እስራት የሚያደርስ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ይሁንና በድንበር በኩል በድብቅ የሚገባው አልቆመም። ከዚህ የምንማረው የበላይ ቁጥጥርና የታች ንቃት እርስ በርስ ካልተደጋገፉ አንዱ ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

እንግዲህ የበጎ ፈቃደኛው ተግባር ምን ይሁን? በእኛ እምነት ሦስት ነገሮች ይቀድማሉ።

አንደኛ፣ በምትኩ የሚያዘውን ዕቃ ማዘጋጀት ነው። እናቶቻችን ገበያ የሚወርዱት ዘንቢል ይዘው ነበር። ሸማኔና ልብስ ሰፊ በሞላበት ጉለሌ የጨርቅ ከረጢት የሚሠራ እጅ አይታጣም። ዕድሮችና የነዋሪ ማኅበራት ለአባሎቻቸው በጋራ ቢያሠሩ ሠሪውም ገበያ ያገኛል። ነገር ግን የጨርቅ ከረጢት ጥቅም የሚኖረው በተደጋጋሚ ሲያዝ ነው። ለአንድ ቀን ሰልፍ ታድሎ የሚጣል ከሆነ ጥጡን ለማብቀል የፈሰሰው ውኃና ጉልበት ባከነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከጉሊት ነጋዴዋ ጋር መመካከር እንጂ እርሷን ማሳደድ አይገባም። ፌስታል ከማን፣ በስንት እንደምትገዛ ጠይቆ አከፋፋዩ ዘንድ የሚደርስ ኮሚቴ ከመቶ መጥረጊያ የበለጠ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ በጎ ፈቃድ የደመወዝተኛን ሥራ መንጠቂያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። ከቤት ወደ ቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት አባላት በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ ሠራተኞች ናቸው። ዘማቹ ሊያግዛቸው፣ ነዋሪው ፌስታሉን ለይቶ እንዲያስረክባቸው ሊያስተምር እንጂ በነጻ ጉልበት ሊተካቸው አይገባም።

በዚህ ረገድ እኛ ጋዜጠኞችም ግለሂስ ማድረግ ይገባናል። መጥረጊያ የያዘ ባለሥልጣን ፎቶግራፍ ለማተም ስንጣደፍ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሰን ቱቦውን ያየነው ስንቶቻችን ነን? የዘመቻ መለኪያ የወጣው ሕዝብ ብዛት ሳይሆን በሚቀጥለው ክረምት በቱቦው አፍ የሚገኘው ፌስታል ማነስ ነው። የቀጨኔ ነዋሪዎች ይህን መለኪያ በእጃቸው ይያዙ፤ በየክረምቱ መግቢያ ይቁጠሩ፣ የቆጠሩትንም በስብሰባቸው ላይ ያቅርቡ። ያን ጊዜ ዘመቻው የአንድ ቅዳሜ ግርግር መሆኑ ቀርቶ የነቃና የተደራጀ ሕዝብ የዘወትር ሥራ ይሆናል።