ላስተማረን ሰው ያለብን ብድር



በአፉላ መሀል ከተማ ጠዋት ጠዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁትን ሽማግሌዎቻችንን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? አንደኛው ቀኝ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ በግራቸው ይዘው ይቀመጣሉ። ሌላው ሲነሡ እርምጃቸው ያጥራል፤ እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ሦስተኛው ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ሰፈር መንገድ ሰው ይጠይቃሉ። እኛም ሰላም ብለን እናልፋለን። ራቅ ስንል ደግሞ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» እንባባላለን። «ጃጅተዋል» የሚልም አለ።

ሁሉም ግን እርጅና አይደለም። ብዙ ጊዜ በሽታ ነው፤ ስምም አለው።

ፓርኪንሰን የሚባለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጀምስ ፓርኪንሰን በ1817 የጻፈበት በሽታ ነው። ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ድምፅም ይደክማል። አልዛይመር የመርሳት በሽታ ነው፤ የትናንቱን ቀድሞ ያስረሳል፣ የልጅነቱን ቆይቶ። ኤ.ኤል.ኤስ የሚባለው ደግሞ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ይገድላል። እጅና እግር ይዝላሉ፤ መናገር፣ መዋጥ፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያስቸግራል። የብዙዎቹ ሕሙማን አእምሮ ግን እንደነቃ ይቆያል።

ሦስቱንም ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሚያግዝ ግን አለ። ሌቮዶፓ የተባለው ክኒን ብዙ የፓርኪንሰን ሕሙማንን ለዓመታት ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብሎ ኩፓት ሆሊም አለመሄድ ሰውየውን መድኃኒቱን መከልከል ነው።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ካንሰርንም እኮ ቀድሞ በስሙ አንጠራውም ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቻችን ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር «ሃኬሽ ባዴሌት» እያሉ በር አንኳኩተው ለካንሰር ማኅበር ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ ስሙን ሲጠሩም አያፍሩም። ስሙ የተጠራ በሽታ ገንዘብ ያገኛል፤ ገንዘብ ያገኘ በሽታ ደግሞ ተመራማሪ ያገኛል። በአዲስ አበባም የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር አለ። መሥራቿ ወይዘሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ታማሚ ናቸው፤ በአደባባይ ወጥተው «ታምሜአለሁ» በማለታቸው ነው ሌሎች ሕሙማን ከቤት የወጡት።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ከመምህር ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ።

ሞሪ ሽዋርትዝ በአሜሪካ፣ በቦስተን አጠገብ ባለው ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ አይሁዳዊ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1994 ኤ.ኤል.ኤስ እንደያዛቸው ሐኪሞች ነገሯቸው። ሚች አልቦም የተባለ ተማሪያቸው በ1979 ሲመረቅ «አልጠፋም» ብሎ ቃል ሰጥቷቸው ነበር፤ ግን ጋዜጠኛ ሆነና ሥራው ዋጠው። አሥራ ስድስት ዓመት ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀን መምህሩን በቴሌቪዥን ሲናገሩ አያቸው፤ ተነሥቶም ሄደ። ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው በአውሮፕላን እየተመላለሰ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ስለ ሞትም ስለ ትዳርም ስለ ልጅም ጠየቃቸው።

ተማሪው የመምህሩ የሕክምና ዕዳ እንደከበደ ሲያይ የሚነጋገሩትን መጽሐፍ ለማድረግ አሰበ። ብዙ አሳታሚዎች «የሚያሳዝን ነገር ማን ያነባል?» ብለው መለሱት። በመጨረሻ አንዱ ተቀበለው፤ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብም ለመምህሩ ዕዳ ዋለ። ሞሪ ይህን በሕይወት ሳሉ ሰምተዋል። በኅዳር 1995፣ በ78 ዓመታቸው አረፉ። መጽሐፉ በ1997 ወጣ፤ ወደ ዕብራይስጥም ተተርጉሟል፣ ልጆቻችሁ ሊያነቡላችሁ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ያ ተማሪ ገንዘቡን ያገኘው መምህሩ ሳይሞቱ ነው። ብድሩን የመለሰው ዓይናቸው እያየ ነው።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ጸሎቱን በግዕዝ፣ በቃል ያጠናሁት ከአባቶች እግር ሥር ነው፤ ሒሳቡንና ሳይንሱን ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። በሁለቱም ቤት ያየሁት አንድ ነው፦ መምህር የሚሰጠው ዕውቀት ብቻ አይደለም፣ ዕድሜውን ነው። እኛስ ምን እንመልሳለን? መምህራችን ሲያርፉ ተዝካር እንደግሳለን። አዳራሹ ይሞላል፤ ከኔታንያም ከአሽዶድም ሰው ይመጣል። እጃቸው ሲንቀጠቀጥና ቃል ሲጠፋባቸው በነበሩት ዓመታት ግን ስንቶቻችን በራቸውን አንኳኳን?

ተዝካሩ ይቅር አላልኩም። ተዝካር ዘመድ የሚያገናኝ ነው። የምለው፣ ከምንደግሰው ላይ ጥቂቱ በመምህራችን ስም ለበሽታው ይዋል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው።

«የእኛ ሃምሳ ሸቅል የትኛውን ላቦራቶሪ ይሞላል?» የሚል አይጠፋም። በ2014 ክረምት ሰዎች በረዶ ያለበት ውኃ በራሳቸው ላይ እያፈሰሱ ለኤ.ኤል.ኤስ ገንዘብ ሲለምኑ አይተን ስቀን ነበር። በዚያ ጊዜ ለአሜሪካው የኤ.ኤል.ኤስ ማኅበር ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር ገባ፤ አብዛኛው ከተራ ሰው ኪስ የወጣ ነው። ከዚያ ገንዘብ የተደገፈ ጥናት በ2016 ከበሽታው ጋር የተያያዘ ኔክ 1 የተባለ ጂን አገኘ። የእኛው አገር ልጅ አቪ ክሬመርም በ2004፣ በ29 ዓመቱ፣ ኤ.ኤል.ኤስ እንዳለበት ሲነገረው ከትምህርት ጓደኞቹ ጋር «ፕራይዝ ፎር ላይፍ» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ያሰባሰቡት 1 ሚሊዮን ዶላር በሽልማት መልክ ቀርቦ በ2011 የበሽታውን አካሄድ መለካት የሚያስችል ዘዴ ላገኘ ሐኪም ተሰጠ። በሽታን መለካት ካልቻሉ መድኃኒቱ መሥራቱን በምን ያውቃሉ?

እንግዲህ ማሰባሰብ ለምትፈልጉ፣ ሥርዓቱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ታማሚውን፣ ካረፉም ቤተሰባቸውን አስፈቅዱ። የሰው በሽታ ያለ ፈቃድ አይወራም። ከፈቀዱ ግን በሽታውን በስሙ ጥሩት።

ሁለተኛ ገንዘቡን ለታወቀ አሙታ ስጡ። በእስራኤል ለአልዛይመር «ዔምዳ»፣ ለኤ.ኤል.ኤስ «ኢስራኤልስ»፣ ለፓርኪንሰንም የራሱ ማኅበር አለ። ሌላ አሙታ ከመረጣችሁ ቁጥሩን ጠይቁና የልጅ ልጃችሁ «ጋይድስታር» በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ ይፈልግላችሁ፤ «ኒሁል ታኪን» የሚለው ፈቃድ እንዳለው ይታያል። መንገድ ላይ ላገኛችሁት ሰው ጥሬ ገንዘብ አትስጡ።

ሦስተኛ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ «ሰዒፍ 46» የሚል መኖሩን ተመልከቱ። ግብር የሚከፍል ሰው በሕግ ከተወሰነው አነስተኛ መጠን በላይ ከሰጠ፣ ከሰጠው 35 በመቶው ከግብሩ ይቀነስለታል፤ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶም መጠየቅ ይችላል። ግብር የማይከፍል ጡረተኛ ይህን አያገኝም፤ ደመወዝተኛ ልጃችሁ ከራሱ ገንዘብ ከሰጠ ግን ያገኛል።

አራተኛ ስንት እንደተሰበሰበና የት እንደገባ በተዝካሩ ላይ በሰው ፊት ይነበብ። ያኔ ሐሜት አይኖርም፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሰው እጁን አይሰበስብም።

ደግሞም ገንዘብ ከመሰብሰብ በፊት፣ ታማሚው የሚገባቸውን አግኝተው እንደሆነ ጠይቁ። በጡረታ ዕድሜ ያለ፣ ለመልበስና ለመታጠብ ሰው የሚያስፈልገው ሰው ከቢቱዋሕ ለኡሚ የ«ሲዑድ» ድጎማ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ሽማግሌዎቻችን ቅጹ በዕብራይስጥ ስለሆነ ብቻ ይቀርባቸዋል። ያንን ቅጽ አብሮ መሙላት ከመቶ ሸቅል ይበልጣል።

እናቶችና አባቶች፣ በዚህ ሳምንት ፊደል ያስቆጠራችሁን ሰው ስም ለልጆቻችሁ ንገሩ። በሕይወት ካሉ ደውሉላቸው። ከታመሙ ሂዱ፤ ስማችሁን ቢረሱትም አጠገባቸው ተቀመጡ። ካረፉ ደግሞ የወሰዳቸውን በሽታ ስም ጠይቁና በእሳቸው ስም ጥቂት አዋጡ። የሳቸውን ዕድሜ መመለስ አንችልም፤ የሌላው መምህር ዕድሜ እንዲረዝም ግን ማገዝ እንችላለን።

እስከሚቀጥለው ጊዜ ሰላም ሁኑ።