«ተቂያ ነው» ለምትሉ

ምርጫ በደረሰ ቁጥር በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ የወጣት ኅብረቶቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ቃል ይዘዋወራል፤ ተቂያ። ሙስሊም ዕጩ «ሁሉንም እኩል አገለግላለሁ» ሲል፣ «አትመኑት፣ ሃይማኖቱ መዋሸት ይፈቅድለታል» የሚል ይከተላል። ከሥሩ «አሜን» የሚጽፉም አይታጡም። እኔ አሜን አልልም። እናንተም እንዳትሉ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ቃሉን እንወቀው። ተቂያ በዐረብኛ ራስን መጠበቅ ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ የመሐመድ ተከታዮች አንዱ የነበረው ዐማር ኢብን ያሲር በመካ እናትና አባቱ ለእምነታቸው ሞተውበት፣ እርሱም ሲሠቃይ በአፉ ካደ፤ በኋላም አለቀሰ። ቁርኣን በምዕራፍ 16 ቁጥር 106 ልቡ ሳይክድ ተገዶ በአፉ የካደውን ከቅጣት ነጻ ያደርገዋል። ይህን ትምህርት አስፍተው የያዙት በሱኒ ገዦች ሥር በፍርሃት የኖሩት ሺዓዎች ናቸው። የአገራችን ሙስሊሞች ግን ከሞላ ጎደል ሱኒዎች ናቸው። በእነርሱ ሊቃውንት ዘንድ ይህ ሰይፍ አንገቱ ላይ ለተደገነበት ሰው የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ያም ሆኖ ጸንቶ መሞት ይበልጣል ይላሉ። በቀበሌ አዳራሽ ቆሞ ድምፅ ለሚለምን ሰው የተሰጠ አይደለም።

አገራችን ግን ሰይፉን አሳይታለች። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘዙ። ሕዝቡም ተገደደ። የተሰደደ ተሰደደ፣ እንደ ሼህ ጠልሃ ያለው ተዋጋ፣ ብዙው ደግሞ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ ማሳያ፣ ሰዎች ከጥምቀቱ ወጥተው ጥምቀቱን ለማስለቀቅ ወደ መስጊድ ይሄዱ እንደ ነበር ጽፏል። እንግዲህ ውሸቱን ማን ወለደው? ሰውዬው ነው ወይስ ያስገደደው?

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ያን ጊዜ ከተጠመቁት መካከል ኢማም መሐመድ አሊ፣ በኋላ ራስ ቆይቶም ንጉሥ ሚካኤል፣ ይገኛሉ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ልጅ ኢያሱ ከሙስሊሞች ጋር ተወዳጁ፣ መስጊድ ገቡ፣ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት አገቡ። የሸዋ መኳንንት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. «በስውር ሰልመዋል» ብለው ከሥልጣን አወረዷቸው። የመኳንንቱ ጥል የሥልጣንም እንደ ነበር ታሪክ ያነበበ ያውቃል፤ ሃይማኖቱ ለክሱ ተመቸ። ከአንድ ወር በኋላ በሰገሌ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። አያችሁ? አባትየውን በግድ አጥምቀን ልጁን «ልብህ ሌላ ነው» አልነው። («አጥምቀን» ያልኩት አውቄ ነው፤ እኛ ያኔ ባንኖርም የክርስቶስ ስም ነው የተጠራበት።)

በቅርቡም በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» ብለው የወጡት ሙስሊሞች የጠየቁት መጅሊሳቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ነበር። መንግሥት ከጥያቄው ጀርባ እስላማዊ መንግሥት የመመሥረት ዓላማ ተደብቋል አለ፤ በ2005 ዓ.ም. «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ሳለ ነው ያሳየው!

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ወላጆቻችሁን በደርግ ጊዜ እንዴት ያመልኩ እንደ ነበር ጠይቋቸው። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በአዋጅ ስትዘጋ ቅዱሳን አምስት ስድስት እየሆኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ። ቡና ተፈላ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ሆነ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ከዕቃ ሥር ተደበቀ። በር ሲንኳኳ «ዘመድ ጥየቃ ነው» ያለ ሁሉ ሐሰተኛ ነበር? ካድሬው ግን ልክ እንደ እናንተ ይል ነበር፤ «ጸሎት ይላሉ እንጂ የሲአይኤ ወኪሎች ናቸው»። አብድዩ መቶ ነቢያት ደብቆ በአክዓብ ቤት አገለገለ። የአርማትያሱ ዮሴፍ በፍርሃት ስውር ደቀ መዝሙር ነበር፤ ወንጌሉም ይህን አልሸሸገለትም።

ልዩነት የለንም እያልኩ አይደለም። ጌታ በሰው ፊት የሚክደኝን እኔም በአባቴ ፊት እክደዋለሁ ብሏል (ማቴ. 10፥33)። ጴጥሮስ ይቅር ተባለ እንጂ ክህደቱ ተፈቅዶለት አያውቅም። ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው እምቢ ብለው ተገደሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ሙስሊም ጎረቤታችሁን ፊት ለፊት ተከራከሩት፤ ደስ ይለኛል። ከጀርባው «ውሸታም ነው» ብሎ መጻፍ ግን ክርክር አይደለም፤ በሐሰት መመስከር ነው፣ ትእዛዙም ዘጸአት 20 ላይ አለ።

«በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሲቃጠሉ የት ነበርክ?» የሚለኝ ይኖራል። ተቃጥለዋል፤ ወገኖቻችን ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ያቃጠለው ሰው ግን የሚጠየቀው በእጁ በያዘው ክብሪት ነው። «ተቂያ» የሚለው ክስ ክፋቱ ክብሪት አለመፈለጉ ነው። ሰውዬው ክፉ ከተናገረ «እውነቱን አወጣ»፤ ደግ ከተናገረ «ሸፈነ»። በየትኛው አፉ ይመልስላችሁ?

ደግሞ ስለማን ነው የምናወራው? እኛ ጉራጌዎች ነን። በአንድ ጎሳ ውስጥ አጎት ሐጂ፣ አክስት ኦርቶዶክስ፣ የወንድም ልጅ ጴንጤ ነው። ለመስቀልም ለአረፋም መኪናው ሁሉ ወደ አገር ቤት ይጎርፋል፤ አጎትህ ለአረፋ ሲጠራህ ሄደህ በልተህ ስትመለስ ነው ያን መልእክት «ፎርዋርድ» የምታደርገው።

ዕጩው መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ልቡ ትታችሁ ስለ ሥራው ጠይቁት። ለወንጌላውያን የመቃብር ቦታ ጥያቄ ምን መልስ አለህ? የአምልኮ ቦታ ይዞታ ለሁሉም በአንድ መመዘኛ ይሰጣል? የመንደርህ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንዳይሠራ ቢከለክል ከማን ጋር ትቆማለህ? መልሱን ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉት። ከተመረጠ በኋላ ወረቀቱን ይዛችሁ ቢሮው ሂዱ፤ ክርስቲያኑም ዕጩ ከተመረጠ እንደዚያው።